ክረምት በከረጢት

ከፖስታ ቤት ከፍ ብሎ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ፣
መስታወት ውስጥ ቆሟል፣ ለአላፊው እንዲታይ።
ቀለሙ ብርቱካን፣ ጎማው ገና ጸጉራም፤
ሁለት ዓመት ሙሉ ሣር ቀምሶ አያውቅም።
«ምንድን ነው?» ይላሉ ከታክሲ የወረዱ፣
«ሲሚንቶ ማቡኪያ ነው» ብለውት ሊሄዱ።
አንዱማ «መድፍ!» አለ፣ አፈሙዙን አይቶ፣
ፎቶ ተነሣበት፣ ሁለት ጣቱን አውጥቶ።
ከሱሉልታ የመጡ አንድ ሽማግሌ ብቻ
እንደ ገበያ ወይፈን፣ ጎንበስ ብለው ጥርሱን አዩ፤
«ሥራ አልነካውም» አሉ። ደኅና ዋሉ ብለው ተለዩ።

ሒሳብ ያዥ ነኝ እኔ፤ ደረሰኝ ነው ሥራዬ።
ሐጂ ሙዘይን ግን፣ ከጠረጴዛዬ
ወፍራም መጽሐፍ ጥለው፣
«ይህን ማሽን እስቲ አማርኛ አስተምሪልኝ፣
ሰው ያልገባው ዕቃ ማን ይገዛል?» አሉኝ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከቃል ጋር ትግል፦
«የተከተፈው ሣር በዚህ አፍ ይገባል፣
ጠመዝማዛው ብረት ገፍቶ ይጠቀጥቃል፣
ከረጢቱ በኋላ እንደ አንጀት ይረዝማል፤
ትንፋሽ ካገኘ ግን ያ ሁሉ ይሻግታል።»
እንዲህ እያልኩ ሄጄ «ገፈራ» ላይ ቆምኩኝ።
ፒያሳ ያደገ ሰው ሣር የሚያውቀው መቼ ነው?
ለበዓል ተጎዝጉዞ፣ በማግስቱ ሲጠረግ ነው።
ዘበኛችን ድሪብሳ የሙከጡሪ ሰው ነው፤
«እርጥቡን መቅበር ነው» አለኝ፣ «ረግጠሽ ስትከድኚው፣
ላሟ በየካቲት ሐምሌን ታገኘዋለች።»
እንዲህ ያለች ትርጉም መጽሐፉ ውስጥ የለች።

መስከረም አጋማሽ፣ የመንገዱ አካፋይ ሣሩ ሲታጨድ፣
በጆንያ ታጭቆ ለቆሻሻ ሲሄድ፣
ድሪብሳ ቆሞ ያያል፤ እህል የተደፋ
ይመስል ፊቱ ላይ ደሙ ሁሉ ጠፋ።

እሑድ ነው። ሐጂ ለሠርግ ወራቤ ወርደዋል።
ድሪብሳ በጋሪ ዐሥራ አንድ ጆንያ አምጥቷል።
ማሽኑን ወደ ጓሮ ገፋነው፤ ባለ ሦስት ፌዝ መብራት
ከብየዳ ቤቱ፣ ከሙላት ለምነን ሳብናት።
አገሳ። አስቀድሞ የተፋው የፋብሪካውን ካርቶን ነበር፤
ከዚያ ዋጠ፦ ሣሩን፣ የአውቶቡስ ትኬት፣ የለስላሳ ቆርኪ፣
አንዲት አደይ፣ ከጎመን ዘር የማይበልጥ ጠጠር።
መመሪያዬን ጮክ ብዬ «አንቀጽ ሰባት…» ስለው፣
«ተይው አንቀጹን፣ እግርሽን አምጪው» አለኝ፣ እየሳቀ ነው።
ረገጥን።
ጫማዬ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ።
በሽቦ አሰርነው። ቁመቱ ሰው አከለ፣
ደረጃ ሥር ገባ፣ ከድሮ ደረሰኝ ጎን ዋለ።
ከዚያ ሁላችንም ረሳነው፤ ድመቷ ብቻ አልረሳች፣
ሙቀቱን ተጠግታ ኅዳር ላይ ሦስት ወለደች።

የካቲት። አቧራ። ወይዘሮ ሽታዬ ከጎላ
ዋጋ ሊጠይቁ መጡ፤ ሁለት ላም አላቸው፣ ከቤታቸው ኋላ።
ስነግራቸው ሳቁ፣ ሳቁ እስኪደክማቸው፦
«በዚህስ ላሞቼን ሠርግ ደግሼ በዳርኳቸው!»
ድርቆሹ ግን ተወዷል፤ ሳቁ ቶሎ አለቀ።
ድሪብሳ ያን ጊዜ ግንባሩን መታና ደረጃ ሥር ዘለቀ።

ሽቦው ሲፈታ፣
ዘይትና ጎማ በሚሸት ቤት ሌላ ነገር ገባ፤
ኮምጠጥ ያለ፣ እንደ ጥንስስ፣ እንደ ዝናብ የነካው ገለባ።
ወይዘሮ ሽታዬ ጭብጥ አድርገው አሸተቱ፤
ምንም አላሉም። ደግመው ጨበጡ፣ ደግመው አሸተቱ።
«የመንገድ ሣር ነው?» አሉ። «አዎ።» «ይሄ፣ ፊት ለፊቱ?»
«ይሄው።»
ከረጢቱን ለወዛደር አሸክመው ወጡ።

በነጋታው ወተት፣ በውሃ ፕላስቲክ፣ ሙቅ።
ሐጂ ጠጡና «ከየት ነው?» ሲሉ ዝም አልኩ፤
ድሪብሳ ጣራ ጣራውን ያያል፣ እንዳይስቅ።

ማታ መዝገቤን ከፈትኩ፤ እጄ ግን አልጻፈም፦
ገቢ፣ አንድ ሊትር ወተት። ወጪ፣ አንድ እሑድ፣ አንድ ጥንድ ጫማ።
በየትኛው ሒሳብ ይግባ፣ ማንም አላስተማረኝም።

ማሽኑ መስታወቱ ውስጥ ነው፤ እስከ ዛሬ አልተሸጠም።
ጠዋት ጠዋት እወለውለዋለሁ፤
ጥርሱ መሐል ግን አንዲት ሣር ደርቃ ቀርታለች፣
እሷን አልነካትም።